ፊት ያልነበራቸው ሃያ ሦስት ስሞች

ወይዘሮ የማርያምወርቅን የሚያውቅ ሁሉ «እንዴት ያሉ የረጉ ሰው ናቸው!» ይል ነበር። ይበል። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሥራቸው ስላስተማርኩ ይህን በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ስብሰባ ባለበት ቀን ቁርስ የማይቀምሱ፣ ከማለዳ ጀምሮ እጃቸው በረዶ የሚሆን፣ ሰው ሳያያቸው ሦስት አራት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት የሚመላለሱ ፈሪ ሴት ነበሩ። ፈሪ ስላቸው ለስድብ አይደለም። እሳቸው ፍርሃታቸውን ደብቀው የሚያስታምሙበት ቦታ ነበራቸው፤ እኔ ደግሞ ቦታውን አውቀው ነበር።

ቦታው የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል ነው። ትምህርት ቤታችን ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች የነበረ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባለ አምስት ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ዲሬክተሯ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ናቸው። ሹም በሚመጣበት ቀን ስብሰባው አንድ ሰዓት ሲቀረው ወደዚያች ክፍል ገብተው በሩን ይዘጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የተማሪዎቹን ስም በቃላቸው ይጠራሉ። አንድ ስም ይጠሩና የልጁ ፊት በዓይነ ኅሊናቸው እስኪመጣላቸው ዝም ይላሉ። ሲመጣላቸው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አንድ ቀን እንዲህ ለምን እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው፣ «ሹም ፊት ስለ ወረቀት የምናገር ከመሰለኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለ ልጆች የምናገር ከሆነ ግን ትንሽ ይሻለኛል። ስለዚህ ቀድሜ አያቸዋለሁ» አሉኝ። የርጋታቸው ምስጢር ይኸው ነው። ሌላ መድኃኒት አልነበራቸውም።

እኔ ኢቲቻ እባላለሁ። ያን ጊዜ፣ በ1957 ዓ.ም. ማለቴ ነው፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ፤ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ቁጡ ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

የዚያ ዓመት ጭንቀታችን ስድስተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤታችን እስከ አምስተኛ ብቻ ነው የሚያስተምረው። ስድስተኛ መቀጠል የሚፈልግ ልጅ ከቀበና ወንዝ ማዶ ድረስ መሄድ ነበረበት፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ እሱም የለም። አምስተኛ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩን፤ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ እንደምንም ይሄዳሉ። ሴቶቹን ግን የሚልክ ወላጅ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ራሳቸው በልጅነታቸው አራተኛ ክፍል ላይ «መንገዱ ሩቅ ነው» ተብሎ ቀርተው፣ ተድረው፣ ባላቸው ሲሞት ነው በሃያ ዓመታቸው ተመልሰው ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት። ስለዚህ ነገሩ ለእሳቸው የሥራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሰባቱን ልጆች ባሰቡ ቁጥር ያንገበግባቸው ነበር።

ከሰባቱ ደግሞ አንዷን ልጥቀስ፤ አስያን። አባቷ ነገሳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ ገብስ የሚያርስ፣ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ነው። እናቷ ዲንቄ ትባላለች። ታናሽ ወንድሟ በዳዳ የእኔ ክፍል ተማሪ ነበር። አስያ ከአምስተኛ ክፍል አንደኛ ትወጣ ነበር፤ ወንዶቹን በሒሳብ ታስለቅሳቸዋለች።

ስድስተኛ ክፍል ለመክፈት ትምህርት ቢሮው አንድ ነገር ጠየቀን። ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሦስት መቶ ተማሪ ይኑረው፤ ቁጥሩም እስከ ጥር መጨረሻ የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ልጅ ለዓመቱ አይቆጠርም። ታኅሣሥ ላይ ወይዘሮ የማርያምወርቅ የሁላችንንም መዝገብ ሰብስበው፣ ደምረው፣ ፈርመው ላኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ቁጭ ብለን ኢንስፔክተሩን መጠበቅ ሆነ። ኢንስፔክተር ገረሱ የሚባል፣ የሄደበትን ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሳያጎድል አይመለስም የሚባልለት ሰው ነው። እኔ እስከ ዛሬ አንቱ ልለው አልቻልኩም። ግንቦት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ አራት ሰዓት እንደሚመጣ ላከብን።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሮቹን አሰናድቼ ቀለም ፍለጋ ወደ ጠመኔ ክፍሉ ሄድኩ። ስሞቹ ሲጠሩ ከውጭ ይሰማኛል። ድንገት ቆሙ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

«ኢቲቻ፣ ና እስቲ ግባ። አንድ ልጅ ፊቱ አልመጣልኝ አለ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ወልደ ኢየሱስ ነገሳ። የመሪጌታ ክፍል ነው። አስያ ትታየኛለች፤ በዳዳም ይታየኛል፣ ጥርሱ የወለቀው። ይኸን ሦስተኛውን ግን አይቼው አላውቅም እንዴ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ያወቅሁት ደግሞ ያን ዕለት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናትን የሚያስተምሩልን መሪጌታ አባይነህ ናቸው። ክፍል ስለሌለን ጠዋት ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዋርካው ሥር ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ግን በእኛ መዝገብ የሚቆጠሩ የእኛ ተማሪዎች ናቸው። መሪጌታ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የቤት ስም አይጠሩም። ልጁ በቤቱ ማንም ይባል ማን፣ እሳቸው የሚመዘግቡትም የሚጠሩትም በክርስትና ስሙ ነው። የእኔ አንደኛ ክፍል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ የምመዘግበው እናቱ በምትጠራው ስም ነው። ደንቡ ልጁ መጀመሪያ መሪጌታ ዘንድ አንድ ዓመት ፊደል ቆጥሮ፣ በዓመቱ እኔ ዘንድ እንዲመጣ ነበር። እናቶች ግን ደንብ አልጠበቁም። ጠዋት ለመሪጌታ፣ ከሰዓት ለእኔ እየላኩ ልጆቻቸውን አንድ ዓመት ሊያስቀድሙ ፈለጉ። ስለዚህ አንዱ ልጅ ዋርካው ሥር ወልደ ኢየሱስ ነው፤ እኔ ክፍል ሲገባ በዳዳ ነው። በሁለት መዝገብ፣ ሁለት ልጅ።

እኔ ይህን ያወቅሁት ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። መሪጌታ «ወልደ ኢየሱስ!» ብለው ሲጣሩ የእኔው በዳዳ «አቤት!» ብሎ ሲሮጥ አየሁ። ሳቅሁ። ልጆቹ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ወይዘሮ የማርያምወርቅ ስድስተኛ ክፍል ከተከፈተ የሒሳብ ትምህርቱን ለአንተ እሰጥሃለሁ ብለውኝ ነበር። ቁጥሩ እንዲጎድል አልፈለግሁም። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ላሳምረው አልፈልግም።

«ነገሳ ያለው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው» አልኳቸው። ኅዳርን አላነሣሁም።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ የጠመኔው ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ተነሥተው ሁለቱን መዝገብ አመጡና መሬት ላይ ዘረጉት። የአባቶቹን ስም እያስተያየን፣ ልጁ የማን እንደሆነ እኔ እየነገርኳቸው፣ እሳቸው በእርሳስ እያሰመሩ ወረድን። ሁለት አልነበሩም፤ ሦስትም አልነበሩም። ሃያ ሦስት ናቸው። እውነተኛው ቁጥራችን ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። አሥራ አንድ ይጎድለናል።

የላንድሮቨር ድምፅ ከታች ተሰማ።

«ዝም እንበል» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ በእጃቸው አፌን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነው። «እሱ ወረቀት አይቶ ነው የሚፈርመው። ልጆቹን ማን ይቆጥራል? ሰባቱን ሴቶች ያስቡ እንጂ!» አልኩ እንደ መቆጣት ብዬ።

«እነሱን ነው የማስበው» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በጣሳ ከነበረው ውሃ ተጎነጩ። «ቀለምህን ይዘህ ና።»

በስብሰባው ላይ አምስት ነበርን። ገረሱ፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ መሪጌታ አባይነህ፣ የወላጆች ኮሚቴው ሊቀመንበር ባላምባራስ ሣህሌ እና እኔ። ገረሱ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ይጠይቃል። ጣሪያው ያፈሳል? ሽንት ቤቱ ስንት ነው? ወንበር ይበቃል? ወይዘሮ የማርያምወርቅ ይመልሳሉ። እኔ ከጎናቸው ስለሆንኩ ጠረጴዛው ሥር እጆቻቸው እርስ በርስ ሲታሹ ይታየኛል። ድምፃቸው ግን ቀጥ ያለ ነበር። ባላምባራስ ደስ ብሏቸው ጢማቸውን ይደባብሳሉ። ነገሩ እያለቀ ነበር። በልቤ፣ አይናገሩም፣ ሐሳባቸውን ቀይረዋል እያልኩ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጫለሁ።

ገረሱ የብዕሩን ክዳን ነቀለ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ይኸ ልክ ነው?»

በጎረቤት ክፍል ልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ በዜማ ይላሉ። ስምንት ሲሆን ስድሳ አራት፣ ዘጠኝ ሲሆን ሰባ ሁለት። ወይዘሮ የማርያምወርቅ አልመለሱም። ባላምባራስ «መልሺ እንጂ ልጄ» አሏቸው።

«ልክ አይደለም። ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነው።»

ብዕሩ ባለበት ቆመ። ባላምባራስ «ምን? ምን አልሽ?» ብለው ተነሡ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዱ፤ ዋርካውን፣ ከሰዓቱን፣ ሁለቱን ስም። አልቸኮሉም፤ ቃልም አልደገሙም። መሪጌታ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዲህ ልጅን በክርስትና ስሙ መጥራት ወንጀል ሆነ በሉኛ!» አሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው።

ገረሱ ወደ መሪጌታ ዞረ። «አሃ፣ የእርስዎ ነው?» አለ። ምን እንደሚከተል ሁላችንም ገባን። መሪጌታ ሽማግሌ ናቸው፤ የወረቀት ዲፕሎማ የላቸውም፤ ለማባረር አንድ መስመር ይበቃል። አንድ የሚባረር ሰው ከተገኘ ደግሞ ሌላው ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ውስጤ በአንድ በኩል ቀለል ብሎት ነበር።

«የመሪጌታ መዝገብ ትክክል ነው» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «የአቶ ኢቲቻም መዝገብ ትክክል ነው። ልጆቹን ሄጄ ሳላይ ሁለቱን ደምሬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ይጻፍ» አለ ገረሱ። ጻፍኩ። «ጥፋቱ የዲሬክተሯ ነው።» እጄ ሳይንቀጠቀጥ ጻፍኩት። ፊደሌ ሁልጊዜም ያምራል።

ገረሱ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን። «ከዛሬ በፊት ይህን ያወቀ ሰው አለ?»

ማንም አልተናገረም። ዓይኑ እኔ ጋ ሲደርስ ወረቀቴን አየሁ። አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር ይለኛል ልቤ፤ አልተናገርኩም። ዓይኑ አለፈኝ። እኔም ጥያቄውን ጻፍኩ፤ ከሥሩም «የለም» ብዬ መልሱን ጻፍኩ።

«አንድ ነገር ይጻፍልኝ» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ሃያ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ይልካሉ። እንጨት የሚለቅም፣ ከብት የሚጠብቅላቸው ሰው አጥተው እያለ ነው። ይኸም ይጻፍ።»

«ይጻፍ» አለ ገረሱ። «ስድስተኛ ክፍል ግን ዘንድሮ የለም።» የብዕሩን ክዳን መለሰ። ለወይዘሮ የማርያምወርቅም በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሰባቱን ልጆች ቤት ለቤት እንሂድ አሉኝ፤ ቀበና ማዶ እንዲልኳቸው ወላጆችን ሊለምኑ። አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ዞርን። ሁለት ቤት እሺ ተባልን። አራት ቤት ወተት ተሰጠን፣ ተመረቅን፣ እምቢ ተባልን። የቀረችው አስያ ነበረች። ወደ ነገሳ ቤት የሚወጣው ዳገት ጭቃ ነበር፤ እሳቸው ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

ነገሳ አማርኛ ያውቃል፤ ቤቱ ውስጥ ግን በኦሮምኛ ካልሆነ አይነጋገርም። ስለዚህ እኔ አስተረጎምኩ። ልጅቱ በቃት አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብቻዋን ነች፣ ዘመኑ ክፉ ነው። አስያ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። አላለቀሰችም። ያለቀሰችው የሁለቱን መዝገብ ወሬ የሰማችው እናቷ ዲንቄ ናት።

«እኔ ነኝ ልጄን ያስቀረሁ!» አለች ደረቷን እየደቃች። «ወንዱን ላስቀድም ብዬ ሴቷን ቀበርኳት። ሁለት ቦታ ባልልከው ኖሮ ይኸ ሁሉ መች ይመጣ ነበር!»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ምን አለች ብለው አልጠየቁኝም፤ ዝም ብለው ያዩዋታል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ያቺ ሴት የእኔን ጥፋት ተሸክማ ደረቷን ስትደቃ ማየት አልቻልኩም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ኦሮምኛ ስለማይሰሙ ተመስገን አልኩና ወደ ነገሳ ዞሬ ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የዲንቄ አይደለም» አልኩት በኦሮምኛ። «የእኚህ ሴትዮም አይደለም። እኔ ኅዳር ላይ አውቄ ነበር። ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን እስከ ጥር ሁለት ወር ሙሉ ነበረን፤ አሥራ አንድ ልጅ ከዚህ ተራራ ላይ ብቻ ለቅመን እናመጣ ነበር። ለራሴ ስል ዝም አልኩ። በሰው ፊት ስጠየቅም ካድኩ።»

ዲንቄ ማልቀሷን አቆመች። ነገሳ ትኩር ብሎ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«እንግዲያው አንተ ታደርሳታለህ» አለኝ። «መስከረም ሲጠባ፣ በየቀኑ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር። ያላደረስካት ቀን እዚያው ያበቃል።»

ዳገቱን ስንወርድ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቀድመውኝ ነበር። የባሕር ዛፉ ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆመው ዞሩ።

«ኅዳር ላይ?» አሉኝ። በጥርት ያለ ኦሮምኛ።

እዚያው መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። የካ ተወልደው ያደጉ ሰው ኦሮምኛ አይሰሙም ብዬ የገመትኩት ሞኙ እኔ ነኝ። እሳቸው ግን አልጮኹም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ያልኩት እውነት ነው፤ አልመልሰውም። ፈርሜያለሁና» አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «‹የለም› የሚለውን ቃል የጻፍከው ግን አንተ ነህ። ሰኞ ገረሱ ዘንድ ሄደህ ታወጣዋለህ።»

«ያባርረኛል።»

«ምናልባት። ከመግባትህ በፊት አንድ ልጅ ብቻ አስብ። ብዙ ከሆነ አይሆንልህም፤ ጀማሪ ነህ።»

ሰኞ ሄድኩ። በቢሮው ደጃፍ ቆሜ አስያ በሩ ጋ ቆማ ስትሰማ የነበረችውን አሰብኩ። ድፍረት አልሰጠችኝም፤ መመለሻ ግን አሳጣችኝ። ገባሁና ተናገርኩ። አልተባረርኩም፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ሲከፈት ሒሳቡም ለሌላ ይሰጥ ተባለ። የወይዘሮ የማርያምወርቅ ማስጠንቀቂያ ግን ሳይነሣላቸው ቀረ።

ከመስከረም ጀምሮ በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነገሳ ደጃፍ እቆማለሁ። ቁልቁል ወደ ቀበና፣ ወንዙን ተሻግረን እስከ ትምህርት ቤቱ በር። ከዚያ ለከሰዓቱ ክፍሌ ልዘጋጅ ወደ የካ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ የምትቀበላት ዲንቄ ነበረች። አንድ ቀን አልቀረሁም፤ ትኩሳት ይዞኝ ብርድ ብርድ ሲለኝም ሄጃለሁ። ስድስተኛ ክፍል በዓመቱ ለእኛም ተፈቀደ፤ ያን ጊዜ ግን እምቢ ከተባልንባቸው ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ተድረው ነበር።

አስያ በመንገድ ሁልጊዜ ሃያ እርምጃ ያህል ትቀድመኛለች። ደብተርሽን ልያዝልሽ ስላት አትሰጠኝም። እንደምን አደርሽ ስላት አትመልስም። እስከ ፋሲካ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ቁጡ ነኝ ብያለሁ፤ ያን ዓመት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኋትም።